ስንቅ ቀድሞት የሄደ ጦር፦ የፋርሱ ንጉሥ ዘርክሲስ ግሪክን ለመውረር እንዴት ተዘጋጀ?



ኢስታንቡል የሄደ፣ ወይም የሄደ ወዳጁ የላከለትን ፎቶ ያየ ሰው የሱልጣን አሕመድን መስጂድ ያውቀዋል። ከመስጂዱ ጎን ባለው ሰፊ አደባባይ ላይ፣ በአጥር በተከበበ ጉድጓድ ውስጥ፣ እንደ ገመድ የተገመደ የነሐስ ምሰሶ ቆሟል። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አጠገብ ያለውን ረጅሙን የግብጽ የድንጋይ ሐውልት ፎቶ አንስቶ ይህኛውን አይቶት ያልፋል። ምሰሶው እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሦስት እባቦች ነው። ራሶቻቸው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ተሰብረው ወድቀዋል፤ የአንዱ ራስ ቁራጭ እዚያው ኢስታንቡል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በጥምዙ ላይ ደግሞ በግሪክ ፊደል የ31 ከተሞችና ሕዝቦች ስም ተቀርጿል።

እነዚህ 31ዱ ከዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ በፊት በፋርስ ንጉሥ ላይ አብረው የቆሙት ናቸው። ምሰሶውን ያሠሩት ከድል በኋላ በምርኮ ገንዘብ ሲሆን መጀመሪያ የቆመው ግሪክ ውስጥ ዴልፊ በሚባል ቦታ ነበር። ወደ ቦስፎረስ ዳር ያመጣው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው።

ጦርነቱን በፊልም ያየ ወጣት በመካከላችሁ ብዙ እንደሆነ እናውቃለን። ፊልሙ ጎራዴና ደም ያሳያል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን አንድም ጎራዴ ከመመዘዙ በፊት ስላለፉት አራት ዓመታት ነው። ነገሩን ባነበብን ቁጥር ዋናው ጉዳይ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለናልና።

በቅድሚያ ሁለት ማስተካከያ። አንደኛ፣ ጦርነቱ የተካሄደው ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት በ480 እና በ479 ነው። የዚያ ዘመን ዓመታት ወደ ኋላ ስለሚቆጠሩ 490 ከ480 ይቀድማል። ሁለተኛ፣ መድረሳ ቁጭ ብለን ስንቀራ «ፋርስ» ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ደብዳቤ የላኩለት ኪስራ ነው። በሱረቱ ሩም የምናውቀው የሩምና የፋርስ ፍልሚያም የዚያው ዘመን ነው። የዛሬው ፋርስ ግን ከዚያ በ1,100 ዓመት ገደማ የሚቀድም፣ የታሪክ ሰዎች አኬሜኒድ የሚሉት መንግሥት ነው። ከኢንዱስ ወንዝ ተነስቶ ግብጽንና የዛሬዋን ቱርክ ጠቅልሎ እስከ ኤጂያን ባሕር ይደርስ ነበር።

ይህን ታሪክ በዋናነት የነገረን ሄሮዶቶስ ነው። የተወለደው ዛሬ ቦድሩም በምትባለው የቱርክ ከተማ ሲሆን ጦርነቱ ሲካሄድ ገና ሕፃን ነበር። ግሪክ ነው። ፋርሶች ስለዚህ ጦርነት የጻፉት የራሳቸው ትረካ አልደረሰንም። ስለዚህ በእጃችን ያለው የአንዱ ተከራካሪ ቃል ነው። ቃዲ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደማይፈርድ ሁሉ እኛም ሄሮዶቶስን በጥንቃቄ እንሰማዋለን። ይሁንና ሰውየው የሰማውን ሁሉ፣ ለወገኖቹ የማይመቸውን ጭምር፣ ስለሚያወራ ብዙ ይጠቅመናል።

ነገሩ የጀመረው በዘርክሲስ አባት በዳርዮስ ነው። በ490 የዳርዮስ ጦር ማራቶን ላይ በአቴናውያን ተሸነፈ። ዳርዮስ ከበፊቱ የሚበልጥ ዘመቻ አውጆ ሦስት ዓመት ሙሉ እስያን ሲያንቀሳቅስ ከቆየ በኋላ ግብጽ አመፀችበት። ብዙም ሳይቆይ በ486 ሞተ። ልጁ ዘርክሲስ መጀመሪያ ግብጽን መልሶ ያዘ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግሪክ አዞረ። ሄሮዶቶስ እንደሚለው ዝግጅቱ አራት ሙሉ ዓመት ፈጀ።

አራት ዓመት ምን ያደርጋል? ሰው ለመሰብሰብ እኮ ይህን ያህል አይፈጅም። ጊዜውን የበላው ምግብ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ሄሮዶቶስ የእግረኛውን ብዛት 1,700,000 ያደርሰዋል፤ አገልጋዩን፣ መርከበኛውን፣ ተከታዩን ሁሉ ሲደምር ከ5 ሚሊዮን ያልፍበታል። ይህን ዛሬ የሚቀበል የታሪክ ምሁር የለም ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ከ100 ሺህ እስከ 300 ሺህ ባለው ውስጥ ይገምታሉ። መካከለኛውን ይዘን 200 ሺህ ሰው እንበል። ለአንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ እህል ብንሰጥ 2,000 ኩንታል ይሆናል። በዛሬ አገር አቋራጭ መንገድ ወደ 400 ኩንታል የሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና ቢገኝ በየቀኑ አምስት መኪና ያስፈልጋል። የፈረሱ፣ የበቅሎውና የግመሉ ቀለብ ገና አልተነሳም። መኪና በሌለበት ዘመን አህያ ብትጭኑ አህያዋም መንገድ ላይ ትበላለች፤ ጉዞው በረዘመ ቁጥር የጫነችውን እራሷ ትጨርሰዋለች። ያን ያህል እህል ሩቅ አገር ማድረስ የሚችለው መርከብ ብቻ ነው። ስለዚህ የምድሩ ጦርና የባሕሩ ጦር ጎን ለጎን፣ በባሕሩ ዳርቻ መሄድ ነበረባቸው። መርከቡ ከተቆረጠ ምድሩ ይራባል።

ፋርሶች ይህን አላወቁም ማለት አይቻልም። በ1930ዎቹ በፐርሴፖሊስ ከተማቸው በቁፋሮ የተገኙት በሺዎች የሚቆጠሩ የሸክላ ጽላቶች የትኛው ሠራተኛ፣ የትኛው መንገደኛ ስንት ገብስ፣ ስንት ዱቄት እንደተሰፈረለት በማኅተም ተረጋግጦ የተመዘገበባቸው ናቸው። መጋዘን ማስተዳደር የሚያውቅ መንግሥት ነበር። ዘርክሲስ በየመንገዱ የእህል ማከማቻ ቦታ አስመረጠ። ትልቁ ጎተራ ትሬስ በሚባለው አገር የባሕር ዳርቻ «ነጭ ጫፍ» በተባለ ቦታ ሆነ፤ ሌሎቹ ዶሪስኮስ፣ በስትሪሞን ወንዝ አፍ ያለችው ኤዮን፣ መቄዶንያ ውስጥም ነበሩ። ከእስያ በጭነት መርከብ እየተጋዘ ዓመታት ተከማቸ። ጦሩ ሳይነሳ ስንቁ ደርሶ ይጠብቀው ነበር።

ቦዩም የመጣው ከዚሁ ነው። በሰሜን ግሪክ አቶስ የሚባል ተራራ ወደ ባሕር ሰርጎ የገባ የምድር ምላስ ላይ ቆሟል። በ492 የፋርስ መርከቦች በተራራው ሲዞሩ ማዕበል አግኝቷቸው 300 ያህል መርከብና ከ20,000 በላይ ሰው ጠፋ ይላል ሄሮዶቶስ። ዘርክሲስ ይህ እንዳይደገም ምላሷን ከአንገቷ ላይ አስቆረጣት፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ሁለት የጦር መርከቦች ጎን ለጎን የሚቀዘፉበት ቦይ ሆነ። ሥራው ሦስት ዓመት ፈጀ። ሠራተኞቹ በየተራ የሚመጡ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ነበሩ፤ በጅራፍ እየተነዱ ነበር የሚቆፍሩት። አብዛኞቹ የቦዩን አፍና ወለል እኩል ስፋት አድርገው ስለጀመሩ ዳርና ዳሩ እየተናደ ሥራቸው እጥፍ ሆነባቸው። ፊንቃውያን ግን አፉን ከሚፈለገው እጥፍ አስፍተው ጀመሩና ወደ ታች እያጠበቡ ወረዱ። በየከተማችን የሕንፃ መሠረት ሲቆፈር አፈር ስለተናደባቸው የቀን ሠራተኞች የሰማ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ሄሮዶቶስ ቦዩን በትዕቢት ያሠራው ነው፣ መርከቦቹን በየብስ ጎትቶ ማሳለፍ ይችል ነበር ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም። በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦችን አንድ በአንድ መጎተት፣ ከኋላ የሚመጣውን የእህል መርከብ ሁሉ ጨምሮ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ለረጅም ጊዜ ቦዩ ጨርሶ አልነበረም ያሉ ነበሩ። በ1990ዎቹ የእንግሊዝና የግሪክ ባለሙያዎች መሬቱን በመሣሪያ ሲመረምሩ አፉ ላይ 30 ሜትር ገደማ የሚሰፋ ቦይ በደለል ተሞልቶ ተቀብሮ አገኙት።

ከቦዩ የሚበልጥ ዝና ያገኘው ድልድዩ ነው። እስያንና አውሮፓን የሚለየው ሄሌስፖንት ዛሬ የዳርዳኔልስ ወሽመጥ የምንለው፣ ቻናቃሌ ከተማ ያለችበት ነው። አቢዶስ በተባለችው ከተማ በኩል ስፋቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ውሃው ጥልቅ፣ ፍሰቱ ኃይለኛ ነው። የገመዱ ሥራ ለፊንቃውያንና ለግብጻውያን ተሰጠ። ፊንቃውያን ከተልባ፣ ግብጻውያን ከደንገል ገመዱ። (ተልባ እኛ ዘንድ ፍሬው ነው የሚፈለገው፤ ከግንዱ ግን ጠንካራ ጭረት ይወጣል። ደንገል ደግሞ ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ያው ተክል ነው።) ሥራው እንዳለቀ ማዕበል ተነስቶ ሁሉንም በጣጠሰው። ዘርክሲስ ተቆጥቶ ባሕሩ 300 ጅራፍ እንዲገረፍ፣ የእግር ብረትም እንዲጣልበት አዘዘ ተብሎ ይወራል። የግሪክ ልጆች ለዘመናት የሳቁበት ወሬ ነው። እኛን ያላሳቀን ግን ከሱ ቀጥሎ ያለው ነው፤ የሥራው ኃላፊዎች አንገታቸው ተቆረጠ።

ሁለተኛው ድልድይ በሌሎች ባለሙያዎች ተሠራ። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በ360፣ ሌላው በ314 መርከቦች ላይ ተዘረጋ። ለእያንዳንዱ ሁለት የተልባና አራት የደንገል ገመድ ተወጠረ። የተልባው ገመድ አንድ ክንድ ርዝመቱ አንድ መክሊት ማለትም 26 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። በገመዱ ላይ ሳንቃ፣ በሳንቃው ላይ ጭራሮ፣ በጭራሮው ላይ አፈር ተደልድሎ ተረገጠ። እንስሶቹ ባሕሩን አይተው እንዳይደነብሩ ግራና ቀኙ ታጠረ። ለትንንሽ ጀልባዎች ማለፊያ ክፍተትም ተትቶላቸዋል። ይህን ያሰበው ሰው ባሕር የሚገርፍ እብድ አይመስልም።

ወጪውን የተሸከመው ማን ነው? በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች። ንጉሡ እንደሚመጣ ከወራት በፊት ይነገራቸዋል፤ እህል ሲፈጩ፣ ከብት ሲያደልቡ፣ ለንጉሡ ማዕድ የወርቅና የብር ዕቃ ሲያሠሩ ይከርማሉ። ንጉሡና ሰዎቹ አንድ ማታ በልተው ያድሩና ጠዋት ድንኳኑንም ዕቃውንም ይዘው ይሄዳሉ። የታሶስ ደሴት ሰዎች ለአንድ ጊዜ ግብዣ 400 መክሊት ብር፣ ማለትም ከ10 ቶን በላይ ብር አወጡ። የአብዴራ ከተማ አንድ ሰው ለአገሩ ሰዎች፣ ንጉሡ በቀን አንዴ ብቻ የሚበላ በመሆኑ አመስግኑ፤ ምሳም ይጨመር ቢባል ኖሮ አልቀንልን ነበር ብሎ ቀለደ ይባላል።

የሊድያው ባለጸጋ ፒቲዮስ ታሪክ ግን ቀልድ የለበትም። ጦሩን በሙሉ አብልቶ ሀብቱን ሁሉ ለዘመቻው አቀረበ፤ 2,000 መክሊት ብርና 4 ሚሊዮን ሊሞላ 7,000 ብቻ የጎደለው የወርቅ ሳንቲም። ዘርክሲስ ተደስቶ የጎደለውን 7,000 ከራሱ ሞላለት። ኋላ ሽማግሌው ፈራ ተባ እያለ አንድ ነገር ለመነ፤ አምስት ወንዶች ልጆቹ ሁሉም ዘምተዋልና ታላቁ ብቻ እንዲቀርለት። ንጉሡ ታላቁን ልጅ ለሁለት አስቆርጦ ግማሹን በመንገዱ ቀኝ፣ ግማሹን በግራ አስቀመጠ። ጦሩ በመሐሉ አለፈ። ሄሮዶቶስ አጋንኖ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ለመንግሥት ሀብት መስጠትና ልጅ መስጠት አንድ ተደርጎ የታየበት ዘመን እንደነበር ታሪኩ ያሳያል።

አሁን ወደ አቴንስ እንሻገር። ቦዩ እየተቆፈረ ሳለ፣ በ483 አካባቢ፣ አቴናውያን ላውሪዮን በሚባል ማዕድን ማውጫቸው ብዙ ብር አገኙ። ይህን ብር ከምድር ሆድ የሚያወጡት ባሪያዎች ነበሩ፤ ክፍፍሉ ሲነሳ ስለ እነሱ ያሰበ የለም። የከተማው ልማድ እንዲህ ያለ ትርፍ ሲገኝ ለዜጎች ማካፈል ነበር፤ ለእያንዳንዱ 10 ድራክማ ሊደርሰው ተዘጋጀ። (ዲርሃም የሚለው የዐረብኛ ቃል ከዚሁ ከድራክማ የመጣ ነው።) ቴሚስቶክሊስ የሚባል ሰው ተነስቶ አትካፈሉት፣ መርከብ እንሥራበት አለ። ልብ በሉ፤ ለሕዝቡ ያነሳላቸው ምክንያት ፋርስ አልነበረም። ፋርስ ሩቅ ነው፤ ሩቅ ጠላት ደግሞ ኪስ አያስፈታም። ያነሳው በዓይን የምትታየውንና የሚጣሏትን ጎረቤት ደሴት ኤጂናን ነው። ሕዝቡ ተስማማ። ሄሮዶቶስ 200 መርከብ ተሠራ ሲል ከአሪስቶትል ትምህርት ቤት የወጣው ጽሑፍ 100 ይላል።

ይህ ውሳኔ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ የጦር መርከብ ብቻ በሦስት ረድፍ የተቀመጡ 170 ቀዛፊዎች ይፈልጋል። ቀዛፊው ድሃው ዜጋ ነው፤ ፈረስም ጥሩርም የሌለው። ስለዚህ 10 ድራክማውን የተወው ሰው ራሱ ነው መቅዘፊያ ይዞ የተቀመጠው። በዚያው ሰሞን፣ በ482፣ የቴሚስቶክሊስ ዋና ተቀናቃኝ አርስቲዲስ በሕዝብ ድምፅ ከከተማው ተባረረ። ድምፁ የሚሰጠው የሚባረረውን ሰው ስም በሸክላ ስባሪ ላይ በመጫር ሲሆን እነዚያ ስባሪዎች በሺዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። ከተማዋ አልተስማማችም ነበር ማለት ነው፤ መርከቦቹ የተሠሩት በጭቅጭቅ መሐል ነው።

ወደ ዘርክሲስ እንመለስ። ጦሩ ሰርዴስ ከርሞ በ480 ጸደይ ተነሳ። ግሪኮች ሦስት ሰላዮች ልከው ነበር፤ ተይዘው ሊገደሉ ሲሉ ንጉሡ ከለከለ። ጦሩን በሙሉ አስጎብኙአቸውና ልቀቋቸው አለ። ሲመለሱ ያዩትን ቢናገሩ ግሪኮች ሳይዋጉ ይገባሉ ብሎ ነው። በአቢዶስም ከጥቁር ባሕር እህል ጭነው ወደ ጠላት አገር የሚያልፉ መርከቦች ሲያይ ሰዎቹ እንያዛቸው ቢሉት፣ እኛም ወደዚያው እየሄድን አይደል፣ እህሉን ለእኛው ነው የሚያደርሱልን ብሎ አሳለፋቸው።

እዚያው አቢዶስ ላይ፣ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ባሕሩ በመርከብ፣ ሜዳው በሰው ተሞልቶ ሲያይ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ከዚያ አለቀሰ። አጎቱ አርታባኖስ ምን ሆነህ ነው ቢለው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱም በሕይወት አይኖርም አለ። አርታባኖስ ከመጀመሪያው ዘመቻውን የተቃወመ ሽማግሌ ነው። ጨዋታው ወደ ጦርነቱ ሲዞር ሁለት ታላላቅ ጠላቶች አሉብህ አለው፤ ባሕሩና ምድሩ። ማዕበል ቢነሳ ይህን ሁሉ መርከብ የሚያስጠጋ ወደብ በየትም የለም። ምድሩም ማንም ባይቃወምህ እንኳ በገፋህ ቁጥር ይርቃል፤ እርቀቱ ራሱ ረሃብ ይወልዳል። ዘርክሲስ መለሰ፤ ብዙ ስንቅ ይዘናል፤ ደግሞ የምንሄደው አርሶ አደር ወዳለበት አገር ነው፣ የነሱን እህል እንበላለን። ከዚያም አጎቱን ወደ ሱሳ መልሶ ሰደደው።

ጦሩ በድልድዩ ላይ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ተሻገረ። ዶሪስኮስ ሲደርስ ተቆጠረ፤ 10,000 ሰው አንድ ላይ አጣብቀው አቆሙና ዙሪያውን አጥር ሠሩበት፤ ከዚያ አጥሩን እየሞሉ እያወጡ 170 ጊዜ። የሄሮዶቶስ 1,700,000 የመጣው ከዚህ ነው። በሰልፉ ውስጥ ዐረቦችና ኢትዮጵያውያን በአንድ አዛዥ፣ በዳርዮስ ልጅ በአርሳሜስ ሥር ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ የነብርና የአንበሳ ቆዳ የለበሱ፣ ከዘንባባ የተሠራ ረጅም ቀስት የያዙ፣ ሊዋጉ ሲሉ ግማሽ ገላቸውን ኖራ፣ ግማሹን ቀይ አፈር የሚቀቡ ናቸው ይላል። በዚያ ዘመን ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር፣ በተለይ የኩሽን ምድር እንጂ የዛሬውን ድንበራችንን ስላልሆነ ቸኩለን «አያቶቻችን ነበሩ» ባንል ይሻላል። ዐረቦቹ በግመል ላይ ነበሩ፤ ፈረሶቹ ግመል ስለሚፈሩ ከኋላ እንዲሰለፉ ተደረገ።

የሆነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። በማግኔስያ ዳርቻ ለመርከቦቹ ሁሉ የሚበቃ መጠጊያ ጠፍቶ በረድፍ በረድፍ ባሕር ላይ መልሕቅ ጥለው እንዳደሩ ማዕበል መጣ፤ በሄሮዶቶስ ቁጥር 400 የጦር መርከብ ሰጠመ፤ የሰጠሙት የእህል መርከቦች ደግሞ አልተቆጠሩም። ቀጥሎ ሳላሚስ ላይ በብሩ የተሠሩት መርከቦች ቀሪውን መቱ። ዘርክሲስ አቴንስን አቃጥሏት ነበር፤ ግን ባሕሩን ያጣ ጦር ግሪክ ውስጥ ሊከርም አልቻለም። ከፊሉን ለአማቹ ለማርዶንዮስ ትቶ ሌላውን ይዞ ተመለሰ፤ ማርዶንዮስም በዓመቱ ፕላቴያ ላይ ተሸንፎ ሞተ። ከላይ ያነሳነው ምሰሶ ከዚያ ምርኮ የተሠራ ነው።

የመልሱ ጉዞ እስከ ሄሌስፖንት 45 ቀን ፈጀ። ሲሄዱ የበሏቸው ከተሞች ሲመለሱ የሚሰጡት አልነበራቸውም። ወታደሩ ሣር ነጨ፤ የዛፍ ቅጠልና ልጥ በላ፤ ወረርሽኝና ተቅማጥ ገባበት። ወሽመጡ ላይ ሲደርሱ ድልድዮቹን ማዕበል ሰብሯቸው ስለነበር በመርከብ ወደ አቢዶስ ተሻገሩ። እዚያ እህል ሞልቶ ነበር። የተራበው ሰው ያለ ልክ በላ፣ ውሃም ተለወጠበት፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ እዚያው እህሉ አጠገብ ሞቱ። የድልድዩን ገመዶች በኋላ አቴናውያን አግኝተው ጠቅልለው ወደ አገራቸው ወሰዷቸው።